የሂንዱዎች የኤካዳሺ ጾም አዲስ አበባ ላይ በየትኛው ቀን ይውላል?

ጥያቄ፦ የወጥ ቤት ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ሆቴል የወጥ ቤት ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ። ለወራት እኛ ዘንድ የሚቀመጡ ህንዳውያን መሐንዲሶችና የንግድ ሰዎች ያሉ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሂንዱ እምነት ተከታዮች ናቸው፤ በወር ሁለት ጊዜም ኤካዳሺ የሚሉትን ጾም ይጾማሉ። በዚያን ዕለት ሩዝ፣ ዳቦ፣ እንጀራ፣ ምስርና ሽሮ በፍጹም አይቀምሱም። እንግዳ ከአገሩ ርቆም ቢሆን ጾሙን ሳይቸገር እንዲጾም ማገዝ የሥራዬ አንድ ክፍል ነው ብዬ ስለማምን ነገሩን በወጉ ለማወቅ እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ የቸገረኝ ቀኑ ነው። እኛ ረቡዕና ዓርብን እንደምናውቀው የተወሰነ የሳምንት ቀን የለውም፤ አንዴ ዓርብ ይውላል፣ ሌላ ጊዜ እሑድ። በወሩ ቀንም አይያዝም፤ ከአንዱ ጾም እስከ ሌላው አንዳንድ ጊዜ 14፣ አንዳንድ ጊዜ 15፣ አልፎ አልፎም 16 ቀን ይሆናል። ከአህመዳባድ የመጡ አንድ እንግዳ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሰጥተውኝ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ ነገር ግን እኚሁ ሰው ራሳቸው የተሠራው ለጉጃራት መሆኑንና እዚህ አንዳንዴ በቀን እንደሚለይ ነግረውኛል። ባለፈው ጊዜ ደግሞ ሁለት እንግዶች ያንኑ ኤካዳሺ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው በማግስቱ ጾሙት፤ ሁለቱም በሥርዓቱ እንደጾሙ እርግጠኞች ነበሩ።

ሁለተኛው ምግቡ ነው። አሁን ዐቢይ ጾም በመሆኑ ወጥ ቤታችን በጾም ምግብ የተሞላ ነው፤ የሆቴሉ አስተዳደርም ጾም ከሆነ ከዚያው ይቅረብላቸው የሚል ሐሳብ አለው። እንግዶቹ ግን ሽሯችንን ትተው ወተትና እርጎ ይጠይቃሉ። ቀኑን አስቀድሜ የማውቅበትን መንገድና በዚያ ቀን ሳልሰጋ ላቀርበው የምችለውን ምግብ የሚያውቅ ቢኖር ቢያስረዳኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ የሒሳብ መምህር፣ ስድስት ኪሎ

ለተከበሩ ጠያቂ፤ ጥያቄዎ ሁለት ክፍል ስላለው እኔ የቀኑን ብቻ ልመልስ፤ የምግቡን ጉዳይ እጃቸው ያለበት ሰዎች ቢናገሩት ይሻላል።

ኤካዳሺ የጨረቃ ወር እኩሌታ 11ኛ ዕለት ነው። የሚያምታታው ግን ይህ ዕለት እኛ ከምናውቀው ቀን ጋር አብሮ የማይጀምርና አብሮ የማያልቅ መሆኑ ነው። በሂንዱዎች አቆጣጠር የጨረቃ ወር 30 ዕለታት ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው ቲቲ ይባላሉ። ቲቲ የሚለካው በሰዓት ሳይሆን ጨረቃ ከፀሐይ በራቀችበት ማዕዘን ነው። ከምድር ሆነን ስናያቸው ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ከሚሆኑበት ቅጽበት ተነሥቶ፣ ጨረቃ ፀሐይን በ12 ዲግሪ ስትቀድም የመጀመሪያው ቲቲ ያበቃል፤ 24 ዲግሪ ስትደርስ ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ 360 ሲሞላ 30ኛው ይፈጸማል። ወሩ በአማካይ 29.53 ቀን ስለሆነ አማካዩ ቲቲ ከ24 ሰዓት ጥቂት ያንሳል። ይሁን እንጂ የጨረቃ ምሕዋር ሞላላ በመሆኑ፣ ወደ ምድር ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች፤ በዚህም ምክንያት አንዱ ቲቲ 19 ሰዓት ያህል ብቻ ሲቆይ፣ ሌላው እስከ 26 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። መነሻውም ጠዋት፣ ቀትር ወይም እኩለ ሌሊት ሊሆን ይችላል። እርስዎ ያስተዋሉት የ14፣ የ15 እና የ16 ቀን ልዩነት ምንጩ ይኸው ነው።

30ዎቹ ዕለታት ለሁለት ይከፈላሉ፤ ጨረቃ እየሞላች የምትሄድባቸው 15ቱ ሹክላ ፓክሻ፣ እየጎደለች የምትሄድባቸው 15ቱ ክሪሽና ፓክሻ ይባላሉ። የእያንዳንዱ 11ኛ ኤካዳሺ ስለሆነ በወር ሁለት፣ በመደበኛ ዓመት 24 ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቲቲው በማንኛውም ሰዓት ሊጀምር የሚችል ከሆነ፣ ሰው የሚጾመው በየትኛው ቀን ነው? ለኤካዳሺ የታወቀው ደንብ፣ ፀሐይ በምትወጣበት ቅጽበት የነገሠው ቲቲ ለዕለቱ ስሙን ይሰጠዋል የሚል ነው። ፀሐይ ስትወጣ ኤካዳሺ ከሆነ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢያልቅ እንኳ የጾሙ ቀን ያ ነው። የቲቲው መነሻና መድረሻ ለዓለም ሁሉ አንድ ቅጽበት ሲሆን፣ የፀሐይ መውጫ ግን ለእያንዳንዱ አገር የራሱ ነው። አህመዳባድ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 34 ዲግሪ ያህል ስለሚርቅ፣ ፀሐይ በዚያ ከወጣች በኋላ እኛ ዘንድ እስክትወጣ በአማካይ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል፤ እንደ ወቅቱም ይህ ጊዜ ከሁለት ሰዓት ትንሽ አንሶ፣ በሰኔ ደግሞ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ደርሶ ይገኛል። ልዩነቱን የሚፈጥረው በእነዚህ ሰዓታት መካከል የሚለወጥ ቲቲ ነው።

በምሳሌ ላሳይዎ። መጋቢት አጋማሽ ላይ ፀሐይ በአህመዳባድ በአገሩ ሰዓት ከንጋቱ 12፡40 ገደማ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በእኛ ሰዓት 12፡30 ገደማ ትወጣለች። 10ኛው ቲቲ፣ ማለትም ዳሻሚ፣ ረቡዕ በህንድ ሰዓት ከጠዋቱ 1፡00 ላይ አብቅቶ ኤካዳሺ ጀመረ፤ እርሱም ሐሙስ በህንድ ሰዓት ከጠዋቱ 1፡30 ላይ ያበቃል እንበል። በአህመዳባድ ረቡዕ ፀሐይ ስትወጣ ገና ዳሻሚ ነበር፤ ሐሙስ ስትወጣ ግን ኤካዳሺ ነው። ስለዚህ በዚያ የጾሙ ቀን ሐሙስ ይሆናል፤ የግድግዳው ቀን መቁጠሪያም ሐሙስ ብሎ ያትማል። ያንኑ ቅጽበት ወደ እኛ ሰዓት ስንመልሰው፣ ህንድ በሁለት ሰዓት ተኩል ስለምትቀድመን፣ ኤካዳሺ የጀመረው ረቡዕ ከሌሊቱ 10፡30 ሆኖ ያበቃው ሐሙስ ከንጋቱ 11፡00 ነው። አዲስ አበባ ላይ ረቡዕ ፀሐይ ስትወጣ ኤካዳሺ ገብቷል፤ ሐሙስ ስትወጣ ግን አልፏል። እዚህ ያለ ሰው መጾም የሚገባው ረቡዕ ነው ማለት ነው። ሐሙስ ምግብ አዘጋጅቶ መጠበቅ ጾሙ ካለፈ በኋላ መጠበቅ ይሆናል።

ይህ በእያንዳንዱ ወር የሚያጋጥም አይደለም። ሁለት ሰዓት ከሩቡን ለ24 ሰዓት ብናካፍለው ከአሥር ጊዜ አንዱን ያህል እንደሚያጋጥም መገመት ይቻላል፤ በዓመት ካሉት 24 ኤካዳሺዎች ሁለቱ ወይም ሦስቱ ማለት ነው። በመሆኑም ምክሬ፣ በግድግዳው ላይ ያለውን እንደ መነሻ ይያዙት፤ የመጨረሻውን ቀን ግን ለአዲስ አበባ ከተሰላ ፓንቻንግ ይውሰዱ። ፓንቻንግ የሚባለው የጨረቃውን ዕለታት የሚዘረዝረው ዓመታዊ መጽሐፍ ሲሆን፣ ዛሬ በስልክ የሚሠሩት ከተማ አስመርጠው በዚያው የፀሐይ መውጫ ያሰላሉ። የህንድ መንግሥት የሚያሳትመው ራሽትሪያ ፓንቻንግ እንኳ የሚሰላው በ82 ዲግሪ ተኩል የምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ለተመረጠ አንድ ማዕከላዊ ቦታ ስለሆነ፣ በዚያው በህንድ ውስጥ እንኳ ምሥራቁና ምዕራቡ የየራሳቸውን የፀሐይ መውጫ ይመለከታሉ።

መልስ፦ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ፣ አራት ኪሎ

መምህሩ በሚገባ አብራርተውታል። እኔ የምጨምረው፣ ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ አለመሆኑን ነው። የእኛም አጽዋማት ፀሐይንና ጨረቃን ለማስታረቅ በተሠራ ስሌት ይወጣሉ፤ ልዩነቱ አባቶቻችን የጨረቃን አማካይ ጉዞ ወስደው ለ19 ዓመት የሚዞር ቋሚ ሠንጠረዥ ማበጀታቸው፣ ህንዶቹ ግን በየወሩ የጨረቃንና የፀሐይን እውነተኛ ቦታ ማስላታቸው ነው።

በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያናችን በዓላትንና አጽዋማትን በምታወጣበት ስሌት፣ የዘንድሮውን የ2018 ዓ.ም. ላስቀምጥ፤ ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ፣ ተውሳክና መባጃ ሐመር የስሌቱ ደረጃዎች የሚጠሩባቸው ስሞች ናቸው። ዓመተ ዓለም (5500 ሲደመር 2018) 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፤ 12 በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 30 ነው። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነበረ፣ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፣ መባጃ ሐመር 25 ወጣ፤ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ሰኞ ገባ። ከዚያ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ቀን ሆነ። በዚህ ስሌት ውስጥ ፀሐይ የት ከተማ ላይ ስንት ሰዓት ወጣች የሚል ጥያቄ የለም፤ ጎንደርም ሐረርም ኢየሩሳሌምም ያለ ምእመን በአንድ ቀን ይጾማል። የአጽዋማቱ አንድነት ስለተፈለገ አማካዩ ተመረጠ። ህንዶቹ ደግሞ ሰማዩ በእያንዳንዱ ሰው ደጃፍ ላይ እንዴት እንዳለ ስለፈለጉ አንድነቱን ተዉት። ሁለቱም መንገዶች ዋጋ አላቸው፤ ጠያቂያችን ከአንድ ወረቀት ሁሉን ማንበብ ያልቻሉትም በሁለተኛው መንገድ ምክንያት ነው።

ዘንድሮ የካቲት ላይ የሆነውን ያስተዋለ ስንቱ እንደሆነ አላውቅም። ሂንዱዎች ሌሊቱን ሙሉ ነቅተው የሚያድሩበት የማሃ ሺቫራትሪ ጾም የካቲት 8 እሑድ ነበረ፤ በማግስቱ ሰኞ የእኛ ዐቢይ ጾም ገባ፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ ረመዳን ጀመረ። ሦስቱም በአንድ ጨረቃ ዙሪያ ተገናኙ። ሺቫራትሪ የጎደለችው ጨረቃ ልትጠፋ ስትል 14ኛው ዕለት ላይ የሚውል ሲሆን፣ ረመዳን አዲሲቱ ጨረቃ ስትታይ ይጀምራልና የሁለቱ መቀራረብ ከጨረቃዋ የመጣ ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት ግን ይለያያሉ፤ የእስልምናው ዓመት ጭማሪ ወር ስለሌለው በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ የሂንዱው ግን በጭማሪ ወር እየታረመ በዚያው በወቅቱ ዙሪያ ይቆያል።

መልስ፦ ከቪሻካፓትናም የተመለሰ

ህንድ ውስጥ ለትምህርት በቆየሁባቸው ዓመታት አብረውኝ ከኖሩት ተማሪዎች መካከል ኤካዳሺን የሚጾሙ ነበሩና፣ ሁለቱ እንግዶች በተለያየ ቀን የጾሙበትን ምክንያት እኔ ላስረዳ። ምናልባት አንደኛው ስማርታ ከሚባለው ወገን፣ ሌላው ደግሞ ቪሽኑን አብልጦ ከሚያመልከው ከቫይሽናቫ ወገን ይሆናል።

ቫይሽናቫዎች የፀሐይ መውጫ ብቻ አይበቃቸውም። ፀሐይ ከመውጣቷ 96 ደቂቃ በፊት የሚጀምረውን የጎህ ጊዜ ይመለከታሉ፤ በዚያ ሰዓት ገና ዳሻሚ ካልወጣ፣ ኤካዳሺው በዳሻሚ ተነክቷል ብለው ጾሙን ወደ ማግስቱ ያሻግሩታል። በመምህሩ ምሳሌ ፀሐይ 12፡30 ከወጣች የጎህ ጊዜው የሚጀምረው ከሌሊቱ 10፡54 ነው። ዳሻሚ 10፡30 ላይ ያበቃ ከሆነ ሁለቱም ወገኖች ረቡዕ ይጾማሉ። 11፡00 ላይ ያበቃ ቢሆን ግን ስማርታው ረቡዕ፣ ቫይሽናቫው ሐሙስ ይጾማል፤ ልዩነቱን ያመጣው የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ስለዚህ እንግዳ ሲገባ "እርስዎ የሚጾሙት የስማርታውን ነው ወይስ የቫይሽናቫውን?" ብሎ አንድ ጊዜ ጠይቆ በመዝገብ ማስፈር ይጠቅማል። በዚህ ጥያቄ የሚከፋ ሂንዱ አላየሁም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር ሊገጥምዎ ይችላል። የጉጃራት፣ የማሃራሽትራና የደቡቡ ሰዎች ወሩን የሚጨርሱት ጨረቃ ስትጠፋ ነው፤ የሰሜኑ፣ ለምሳሌ የኡታር ፕራዴሽ ሰዎች፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ይጨርሳሉ። በዚህ ምክንያት ጨረቃ በምትጎድልባቸው 15 ዕለታት ሁለቱ ሰዎች ለአንዱ ቀን ሁለት የወር ስም ይሰጡታል። ማሃ ሺቫራትሪ ለጉጃራቱ በማጋ ወር ውስጥ ሲሆን፣ ለሰሜኑ በፋልጉና ነው። ቀኑ ግን ያው አንድ ቀን ነው፤ የወሩ ስም ተለያየ ብለው ሁለት ጊዜ አያዘጋጁ።

ከኤካዳሺ ውጭ ያሉት አጽዋማት ደግሞ ሁሉም የፀሐይ መውጫን አይከተሉም። ፕራዶሽ የሚባለው የ13ኛው ዕለት ጾም ፀሐይ ስትጠልቅ በነገሠው ቲቲ ይወሰናል። የክሪሽና ልደት የሚከበርበት ጃንማሽታሚና ሺቫራትሪ እኩለ ሌሊትን ይመለከታሉ። ሳንካሽቲ የሚባለው፣ ሙሉ ጨረቃ ካለፈች በኋላ በ4ኛው ዕለት የሚጾመው፣ ጨረቃ ስትወጣ ይታያል፤ ጿሚውም ጨረቃዋን አይቶ ነው የሚፈስከው። በክረምት ደመና አዲስ አበባን ሲሸፍን ሰዎች በስሌቱ ሰዓት ይተማመናሉ፤ እርስዎም በዚያን ዕለት እራቱን ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ዝግጁ ማድረግ ይኖርብዎታል።

መልስ፦ የፒያሳዋ

ፒያሳ ከአንድ የጉጃራት ቤተሰብ ጋር ለረጅም ጊዜ ወጥ ቤት ስለሠራሁ የምግቡን ልናገር፤ እመቤቲቱ ያስተማሩኝን ነው የምነግርዎ።

ወንድሜ፣ የአስተዳደሩ ሐሳብ የማይሠራው የሁለቱ ጾሞች ደንብ ስለሚለያይ ነው። የእኛ ጾም የእንስሳ ተዋጽኦን ይከለክላል፤ እህልና ጥራጥሬ ግን የጾሙ ዋና ምግብ ነው። በኤካዳሺ የሚከለከለው እህሉና ጥራጥሬው ነው፤ ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤና አይብ ይፈቀዳል። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ግን አይነሣም። ስለዚህ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ፓስታና ሩዝ ሁሉ ይቀራል፤ ጤፍም እህል ነውና እንጀራ አይቀርብም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም በዚያ ቀን አይገቡም። ይህን ካወቁ የበርበሬያችን ነገር ይገባዎታል፤ በርበሬ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ስለሚገባበት አትክልቱ ላይ ጥቂት እንኳ ጣል ማድረግ ጾሙን ያፈርሳል። የተነጠረ ቅቤም እንዲሁ ነው፤ አብሽ ጥራጥሬ ነውና፣ አንዳንድ ሰውም ሲያነጥር ነጭ ሽንኩርት ስለሚጨምር፣ ለእነርሱ ቅመም ሳይገባበት ለብቻው ቀልጦ የጠራ ቅቤ ያስቀምጡ። ሂንግ የሚሉትን ቅመም ከህንድ ዕቃ መደብር ገዝተው ከሆነም ይጠንቀቁ፤ በዱቄት የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ነው።

የሚፈቀደው ግን ብዙ ነው። ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ለውዝ፣ ፍራፍሬ፣ ከሙን፣ ቃርያ፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ። ጨውን በተመለከተ ከባሕር የሚወጣውን ትተው ከምድር የሚቆፈረውን ይመርጣሉ። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ለእመቤቴ ተስማምቷቸው ነበር፤ ሌሎች ግን የራሳቸውን ይዘው ስለሚመጡ ይጠይቋቸው።

ዋናው ምግብ ሳቡዳና ነው፤ ከካሳቫ ስታርች የሚሠራ ነጭ፣ እንደ ዕንቁ ክብ ክብ ፍሬ። የሚበላሸው በውኃው ነው። ውኃው ነጭ መሆኑን እስኪተው ድረስ ደጋግመው ያጥቡት፤ ከዚያ ፍሬውን ልክ የሚሸፍን ያህል ብቻ ውኃ አድርገው ማታ ይተዉት። ጠዋት አንዱን ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ሲጫኑት እንደ ለጋ ቅቤ ጭፍልቅ ማለት አለበት፤ መሐሉ ላይ ጠንካራ ነጥብ ከቀረ ጥቂት ውኃ ረጭተው ሸፍነው ይጠብቁ። ውኃው ከበዛ ግን ድስት ውስጥ ይያያዝና እንደ ሙጫ ይሆናል፤ መመለሻ የለውም። ቅቤ አግለው ከሙኑን ያንጣጡ፤ በትንንሹ የተከተፈ ቅቅል ድንችና ቃርያ ይጨምሩ፤ ሳቡዳናውን ከተቆላና ከተወቀጠ ለውዝ ጋር ደባልቀው ያስገቡና ፍሬዎቹ ብርሃን የሚያስተላልፉ እስኪመስሉ ብቻ ያማስሉ። ከዚያ በላይ እሳት አያስፈልገውም። ከእርጎ ጋር ያቅርቡት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከጉጃራት የሚመጡ ሁሉ ሂንዱዎች አይደሉም፤ ጃይኖችም አሉ፤ እነርሱ ከመሬት ሥር የሚወጣ ሥር አይበሉም። ድንች ያቀረቡለት ሰው ሳይነካው ከተወ፣ ኩራት ወይም ንቀት አድርገው አይውሰዱት።

ምላሽ፦ የወጥ ቤት ኃላፊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የባሕረ ሐሳብ ተማሪው ስለ ጭማሪ ወር ያነሱትን በተመለከተ ልጠይቅ፤ ከእንግዶቼ አንዱ በግንቦት ወር ተጨማሪ ጾም እንደሚኖራቸው ነግረውኛል። እኔ ጭማሪ ሲባል የማውቀው ጳጉሜን ነው። እንዲሁም በማግስቱ ጠዋት ቁርስ የሚሹበት ሰዓት በጣም ይለያያል፤ አንዳንዴ ገና ሳይነጋ ጀምሮ ይጠብቃሉ፣ ሌላ ጊዜ ቀርቦላቸውም አይነኩም።

መልስ፦ የሒሳብ መምህር፣ ስድስት ኪሎ

ጭማሪው ወር አዲክ ማስ ይባላል። 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ስለሆኑ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያንሳሉ፤ ጉድለቱ እየተጠራቀመ በአማካይ በየ32 ወር ተኩሉ አንድ ሙሉ ወር ይሆናል። የሚገባው ግን ዝም ብሎ በቁጥር አይደለም። ፀሐይ ከሐመል እስከ ሑት ባሉት 12ቱ የከዋክብት ቤቶች በየወሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሻገራለች፤ በሁለት አዲስ ጨረቃዎች መካከል ምንም መሻገር ካልተደረገ፣ ያ ወር ጭማሪ ነው፤ ስሙንም ከሚቀጥለው ወር ይዋሳል። ዘንድሮ የሚሆነው ይህ ነው። ፀሐይ ግንቦት ላይ ከአዲሲቱ ጨረቃ ቀድማ ወደ ሁለተኛው ቤት፣ ወደ ሠውር፣ ትገባለች፤ ከሠውር የምትወጣው ደግሞ ቀጣዩዋ አዲስ ጨረቃ ከሆነች በኋላ ነው። ስለዚህ ከግንቦት 9 እስከ ሰኔ 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ጭማሪው የጄሽታ ወር ይሆናል፤ ዋናው ጄሽታ ከዚያ ይቀጥላል። በጭማሪው ወር ፓድሚኒና ፓራማ የሚባሉ ሁለት ኤካዳሺዎች ስለሚጨመሩ የዓመቱ ቁጥር 26 ይደርሳል። ብዙዎች ይህን ወር ለቪሽኑ የተለየ አድርገው ስለሚይዙት፣ በሌላ ጊዜ የማይጾሙ እንግዶችም ሊጾሙ ይችላሉና ሳቡዳናውን አስቀድመው ይግዙ።

በዋናው ጄሽታ የሚውለው ኤካዳሺ ደግሞ ሰኔ 18 ቀን ሐሙስ ነው። ኒርጃላ ይባላል፤ አጥባቂዎቹ ውኃም አይቀምሱም። በዚያን ዕለት የሚዘጋጀው ምግብ ጥቂት ቢሆን ይበቃል፤ ጥንቃቄ የሚሻው የማግስቱ ጠዋት ነው።

መልስ፦ የፒያሳዋ

የማግስቱን ጠዋት እኔ ልጨርስልዎ። የጾሙ መፍቻ ፓራና ይባላል፤ እርሱም የራሱ ሰዓት አለው። የሚፈታው ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ 12ኛው ቲቲ፣ ማለትም ድዋዳሺ፣ ከማለቁ በፊት ነው። በሌላ በኩል የድዋዳሺው የመጀመሪያ ሩብ እስኪያልፍ አይፈቱም። አንዳንድ ቀን ድዋዳሺ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቶሎ ያልቃል፤ ያኔ ጊዜው ጠባብ ነውና ገና ሳይነጋ ሲጠብቁ ያዩአቸዋል። ሌላ ቀን ሩቡ ረፋድ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ያኔ ቁርስ ቢቀርብም አይነኩትም። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትወጣው እንደ ወቅቱ ከ12፡05 እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ሠራተኛ ቀድሞ እንዲገባ የሚያስፈልገው ጠባቡ ቀን ላይ ብቻ ነው። ለአዲስ አበባ የተሰላው ፓንቻንግ የፓራናውን መነሻና መድረሻ ከኤካዳሺው ሥር ይጽፈዋል፤ ሁለቱንም ሰዓት ቀን መቁጠሪያው አጠገብ በእኛ አቆጣጠር ጽፈው ይለጥፉት።

የሚፈታውም በእህል ነው። ለስለስ ያለ ሩዝ ከምስር ጋር አብሮ የተቀቀለ፣ ቅቤ ጣል የተደረገበት፣ ለባዶ ሆድ ይስማማል። ኒርጃላ ለጾመ ሰው ግን በመጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ ያቅርቡለት፤ ምግቡን ከዚያ በኋላ።